የአሥራ ሦስተኛው ወር ሽሮ

ዋኒ ካርቶኑን በቢላ ሰነጠቀና አንድ እሽግ ሽሮ መዘዘ። ጀርባው ላይ በሰማያዊ ቀለም የተመታውን ቀን በአውራ ጣቱ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ ፀሐይ ያዘው። አነበበው። ሌላ ካርቶን አስከፈተ፤ ያንንም አነበበ። ሦስተኛውን አይቶ ሲያበቃ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አሞጽ፣ እስቲ አንተ አንብበው። የኔን ዐይን አላምነውም" አለ በእንግሊዝኛ።

ረዳቱ አሞጽ እሽጉን ተቀበለ። የተመረተበት 05/13/2017፣ አገልግሎቱ የሚያበቃበት 05/13/2018 ይላል። ጳጉሜ አምስት፣ አለ ልቡ፣ ሳይጠየቅ፣ በጥርት ያለ አማርኛ። ጳጉሜ አምስት ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ገና ነው፤ ያለነው የካቲት መግቢያ ላይ ነው፤ ጳጉሜ የሚመጣው ክረምቱ ገብቶ ሊወጣ ሲል ነው። ልቡ ይህን ሁሉ ሲል አፉ ግን ሌላ ነገር አወጣ።

"ሜይ አሥራ ሦስት፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት፣ ሙዲር።"

ዋኒ በጁባ መግቢያ ድልድይ አጠገብ ያለው የፍተሻ ግቢ አለቃ ስለሆነ ሙዲር ነው የሚሉት። ሙዲር ዋኒ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ አይጮህም፤ ድምፁ እንዲያውም ዝቅ ይላል።

"ስምንት ዓመት ሊሞላው ነው" አለ። "ስምንት ዓመት! ይህን ዱቄት እኔ እያየሁት ድልድዩን ተሻግሮ ጁባ አይገባም። ኸላስ፣ አበቃ። ይቃጠላል፤ ዛሬውኑ።"

እስከዚህ ድረስ የሽሮው ባለቤት ጣሂራ ከጭነት መኪናው ጥላ ሥር ቆማ በትዕግሥት ትጠብቅ ነበር። ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሁሉ በርበሬና ሽሮ የሚወስዱባት ጅምላ ሻጭ ናት። "ይቃጠላል" የምትለዋን ቃል ስትሰማ ነጠላ ጫማዋ አቧራ እያስነሳ ሮጣ መጣች።

"ሙዲር፣ ሜይ አይደለም! ሜይ አይደለም! ቀን አምስት ነው፣ ወሩ ነው አሥራ ሦስት! ጳጉሜ!" አለች የጁባ አረብኛዋንና እንግሊዝኛዋን እያደባለቀች።

"ወር ስንት አልሽ?"

"አሥራ ሦስት። እኛ አገር አሥራ ሦስት ወር ነው ያለው። ዓመቱም ከእናንተ ወደ ኋላ ነው። አሁን እኛ ጋ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ነው!"

የግቢው ጥበቃዎች መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ሳቁ። አንደኛው ሳቁ አልቆም ብሎት ግድግዳ ተደገፈ። ሙዲር ዋኒ ግን አልሳቀም።

"ማማ ጣሂራ፣ ጊዜው ያለፈበት ዘይት ያመጣ ሰው 'የታተመው ስህተት ነው' ብሎኛል። ሩዝ ያመጣው 'ማሽኑ ተበላሽቶ ነው' ብሎኛል። የተረፈ ወር አለኝ ብሎ የመጣ ግን አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።"

ስልኳን አውጥታ የአማርኛ ቀን መቁጠሪያ አሳየችው። ፊደሉን ማንበብ አልችልም አለ፤ ብችልም ስልክ ላይ የማይጻፍ ነገር የለም አለ። ከአገር የተሰጣትን የጤና ምስክር ወረቀት አሳየችው፤ እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፣ የትናንት ያህል አዲስ ነው። ይሄ ደግሞ ጭራሽ አባሰበት።

"ወረቀቱ አዲስ፣ ዕቃው አሮጌ። ይሄማ ታስቦበት የተሠራ ነው" አለ።

"እሺ ኤምባሲያችን ይጠየቅ! ደብዳቤ ላምጣ!"

"ዐርብ ከሰዓት ነው፤ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ይወገድ የተባለ ዕቃ ደግሞ ግቢዬ ውስጥ አያድርም። አንዴ አሳድሬ ጠዋት ገበያ ላይ ነው ያገኘሁት።" ቢላውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። "አሞጽ፣ ካርቶኖቹን እየቆጠርክ አስወርድ። ከጀርባ ያለው ጉድጓድ ይጸዳ።"

ሙዲር ዋኒ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ለአሞጽ በቀለለው ነበር። ክፉ አይደለም፤ ከነጋዴ ሻይ እንኳ ተጋብዞ የማይጠጣ ሰው ነው። ከአሞጽ በፊት በዚሁ ቦታ የነበረው ሠራተኛ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገር ነበር። ከሐበሻ ነጋዴዎች ጋር እየተሳሳቀ ያልተፈተሸ ጭነት ያሳልፍ ኖሮ፣ ካሳለፈው ውስጥ የበሉ ልጆች ታመው ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ተባረረ። ከዚያ ወዲህ ሙዲሩ አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ የሚላት አንድ ነገር አለች፤ እዚህ ግቢ ውስጥ በነጋዴው ቋንቋ የሚያወራ ሠራተኛ የነጋዴው ሠራተኛ ነው፣ በዚያው ቀን ይሄዳል።

አሞጽ ይህ ሲነገረው "እሺ" ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሸሪካት የሚባለው ሰፈር ውስጥ ከእናቱና ከሁለት እህቶቹ ጋር የሚኖርባት ቤት የቆመችው በዚያች እሺታ ላይ ነው። ያደገው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው፣ ጋምቤላ። አማርኛን ከመምህራን ብቻ ሳይሆን ከኳስ ሜዳ፣ ከሻይ ቤት፣ ከተደባደባቸውና ከታረቃቸው ልጆች ተምሯል። ዛሬም ሲደምር በአማርኛ ነው፤ በር ጣቱን ሲቀጠቅጠው የሚያወጣት ቃልም የአማርኛ ናት፣ እዚህ ባትጻፍ ይሻላል። ጁባ ገብቶ ሥራ ሲፈልግ ግን "የት ነው ያደግከው?" ባሉት ቁጥር እውነቱን ተናግሮ፣ "ሐበሻ ነህ በለኛ" እየተባለ ተሸኘ። እዚህ ግቢ ሲደርስ "ኬንያ፣ ካኩማ ካምፕ" አለ። ተቀጠረ። ካኩማን በዐይኑ አይቶት አያውቅም።

ስለዚህ አሁን ከመኪናው ጎን ቆሞ ካርቶን ሲቆጥር በሆዱ የሚቆጥረው በአማርኛ ነው፤ ከንፈሩን እየተጠነቀቀ። ጣሂራና ሾፌሩ ካሳዬ ደግሞ ከእሱ ሁለት እርምጃ ርቀው ያወራሉ። ማን ይሰማናል ብለው፣ ድምፃቸውን እንኳ አልቀነሱም።

"ጥፋቱ የኔ ነው" ትላለች ጣሂራ። "አዳማ ሲጫን ፎቶውን ልከውልኝ ነበር እኮ! አየሁት። ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው ብዬ መለስኩ። ኪራይ ስከፍል፣ ቪዛ ሳሳድስ በፈረንጅ እቆጥራለሁ፤ የአገሬን ዕቃ ሳይ ግን ዐይኔ አገሩ ይገባል። ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ይላል፤ ዘንድሮ ነው። ዘንድሮን አይቶ ማን ይደነግጣል?"

"ፋብሪካውስ? ወደ ውጭ የሚሄድ ነው አልተባሉም?"

"ተብለዋል። የክርስቲያኑ ጾም ሳይገባ ይድረስልኝ ብዬ ሳጣድፋቸው ለአገር ውስጥ ያሸጉትን ጫኑልኝ።"

ካሳዬ የመኪናውን ደረጃ ተደግፎ ተቀምጧል። ከአዳማ ሞያሌ፣ ኬንያን በሙሉ አቋርጦ በናዳፓል ድንበር ገብቶ፣ በካፖኤታና በቶሪት አቧራ ውስጥ በአጀብ እየተጎተተ የመጣ ሰው ነው፤ የዐይኑ ሽፋሽፍት ላይ ያለው አፈር ገና አልታጠበም።

"ሽፍታ አልያዘን፣ ጭቃ አልያዘን፣ በጳጉሜ ተያዝን" አለ።

"እኔን የሚያንገበግበኝ ሽማግሌው አይደለም" አለች ጣሂራ አሞጽን በአገጯ እያሳየች። "እሱስ አላወቀም። ይሄ ወጣቱ ነው። አንብብ ሲባል አየት አድርጎ፣ ምንም ሳይጨንቀው የሞት ፍርድ አነበበብኝ። እናት የለውም?"

እናትማ አለችኝ፣ አለ አሞጽ በሆዱ፤ ችግሩም እኮ እሷ ናት። ቁጥሩ ጠፋበትና እንደገና ጀመረ።

"አይዞዎት እትዬ ጣሂራ" አለ ካሳዬ። "ሽሮው ሲቃጠል ሽታው ድልድዩን ተሻግሮ ጁባ ውስጥ ያለውን ሐበሻ በሙሉ ያስርበዋል። እያለቀሱ ሳህን ይዘው ይመጣሉ።"

አሞጽ ከንፈሩ አመለጠው። ሳቀ ማለት አይቻልም፤ ግን የአፉ ጥግ ተነሳ፣ ቶሎም ተመለሰ። ካሳዬ ዓመታት ሙሉ መንገድ ሲያይ የኖረ ሰው ነውና አየው። ተነስቶ እግሩን አፍታታ፣ በአሞጽ ጀርባ በኩል አለፈ፣ ከዚያም ድንገት ጮኸ፤

"ጊንጥ! እግርህ ሥር!"

አሞጽ ዘለለ። ሁለት እግሩን አንስቶ፣ የካርቶኖቹን መቁጠሪያ ወረቀት ጥሎ፣ ከመኪናው ጎማ ጋር ተላተመ። ጥበቃዎቹ ዞረው አዩት፤ ምን እንደተባለ ስላልገባቸው ተመልሰው ካርቶናቸውን ያዙ። መሬቱ ላይ ግን ከአቧራ በቀር ምንም አልነበረም። ካሳዬ ጣሂራን አያት፤ ጣሂራ አሞጽን አየችው። አሞጽ ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን አነሳና በመኪናው ወዲያኛው ጎን ዞሮ ሄደ።

ጣሂራ ተከተለችው።

"ትሰማኛለህ" አለችው በአማርኛ። እየጠየቀችው አልነበረም።

"አልገባኝም" አለ በእንግሊዝኛ።

"ጊንጡ ሲገባህ ጊዜ እኔ አልገባህም?"

አሞጽ በመኪናው ሥር አሻግሮ አየ። የሙዲር ዋኒ ጫማዎች ከሩቅ፣ ከቢሮው ደጃፍ ይታያሉ።

"እትዬ፣ እባክዎ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ" አለ። ከቤቱ ውጪ አማርኛ ካወራ ስንት ዘመኑ! ድምፁ ቀጥኖ ወጣ፤ የልጅነቱ ድምፅ መሰለው።

ጣሂራ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ያ ረቢ! ከጠዋት ጀምሮ ያልኩትን በሙሉ…"

"ሰምቻለሁ።"

"እናት የለውም ያልኩትንም?"

"እሱንም።"

"አፉ በለኝ፣ የኔ ልጅ።" ይቅርታውን ከልቧ ነው የጠየቀችው፤ ግን ወዲያው ዐይኗ ጠንከር አለ። "ታዲያ እያወቅክ? ጳጉሜ መሆኑን እያወቅክ ነው ሜይ ያልከው?"

"ጳጉሜ ካልኩ ከየት አመጣኸው ይሉኛል። ከእኔ በፊት የነበረውን ያውቁታል አይደል?"

"አውቀዋለሁ፤ ሌባ ነበር።"

"አማርኛ የሚችል ሌባ ነበር። አሁን እዚህ ግቢ አማርኛ የቻለ ሁሉ እሱ ነው። ከተናገርኩ ይህን ሥራ ዳግመኛ አላየውም። ሌላም የሚቀጥረኝ የለም። እናቴና እህቶቼ የሚበሉት በእኔ ነው።"

ጣሂራ ካርቶኖቹን አየቻቸው። አንዱ ተቀዶ ሽሮው መሬት ላይ ፈስሷል፤ በእግሯ ሰበሰብ ልታደርገው ሞከረችና ተወችው።

"እኔም እኮ ያለኝ እዚህ መኪና ላይ ያለው ነው" አለች። "ይሄ ከነደደ ሱቄን ዘግቼ፣ ባዶ እጄን ነው አገሬ የምገባው። በዚህ ዕድሜዬ ሰው ቤት።" ቀጥላም፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ ራሷን እንደምትጠይቅ ሆና፣ "አሁን ሄጄ ለሙዲሩ 'ይሄ ልጅህ አማርኛ ያውቃል፣ እሱን ጠይቀው' ብለውስ?" አለች።

አሞጽ ዙሪያውን አየ። መኪናው ከጀርባው፣ ሴትየዋ ከፊቱ፣ ሙዲሩ ከማዶ። ሮጦ የሚሄድበት ቢኖር ይሮጥ ነበር።

"ይችላሉ" አለ። "እኔ ምንም ማድረግ አልችልም።"

ያኔ ሙዲር ዋኒ ሁሉንም ጠራቸው።

ጉድጓዱ ከግቢው ጀርባ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ካርቶኖች ተደርድረው ተቆልለዋል፤ አንዱ ጥበቃ ነዳጅ ይዞ ትእዛዝ ይጠብቃል። ሙዲር ዋኒ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። ደስ ያለው አይመስልም።

"ማማ ጣሂራ፣ ዕቃዬ በግፍ ተቃጠለብኝ እንዳትይ ለመጨረሻ ጊዜ እጠይቅሻለሁ" አለ። "አንቺና ሾፌርሽ ወሩ አለ ትላላችሁ፤ ዕቃው የናንተ ነው። ገበያ ሄጄ ሐበሻ ብጠይቅ ለአንቺ ብሎ አለ ይለኛል። ከዚህ ሽሮ ምንም የማያገኝ፣ የአገርሽ ሰው ያልሆነ፣ ይህን ወር የሚያውቅ አንድ ሰው አለሽ?"

ጣሂራ አሞጽን አየችው። ረጅም አልነበረም፤ ግን አየችው፣ እሱም መታየቱን አወቀ። አለቀልኝ አለ። እናቱ ማታ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው ታየችው፤ ምን ብሎ እንደሚነግራት ማሰብ ጀመረ።

"የለም" አለች ጣሂራ። "ማንም የለም።"

መጀመሪያ የመጣለት እፎይታ ነው። ደረቱ ሲቀልለው፣ ትንፋሹ ሲመለስለት ተሰማው፤ ያሳፈረውም ይኸው እፎይታው ነው። ይህቺ ሴት ሱቋን ዘግታ ባዶ እጇን ልትሄድ ነው፣ እሱ እፎይ አለ! ካሳዬ ፊቱን አዞረ። ባለ ነዳጁ ጥበቃ ክዳኑን መክፈት ጀመረ።

"አለ" አለ አሞጽ። "ሙዲር፣ ወሩ አለ።"

ሙዲር ዋኒ ቀስ ብሎ ዞረ። "ማን ነገረህ?"

"የተወለድኩበት ወር ነው።"

ካርቶን ተሸክመው የነበሩት ቆሙ። ክዳኑን የያዘውም እጁ ባለበት ቀረ።

"መታወቂያህ ጃንዋሪ አንድ ይላል" አለ ሙዲሩ።

"ካምፕ ውስጥ የመዘገበኝ ፈረንጅ እናቴን መቼ ወለድሽው አላት። ጳጉሜ ሦስት አለችው። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል የለም፣ ወረቀቴ ላይ አሥራ ሁለት ነው ያለው አለና ጃንዋሪ አንድ ጻፈ። እሷ ግን እስከ ዛሬ ጃንዋሪ አንድ መልካም ልደት ሲሉኝ ትቆጣለች።"

"የኔም ጃንዋሪ አንድ ነው" አለ አንደኛው ጥበቃ፣ ሳያስበው።

"የኔም" አለ ነዳጅ የያዘው።

ሙዲር ዋኒ ወደ ጥበቃዎቹ ዞረ። "የሁላችንም ጃንዋሪ አንድ ነው" አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፤ አሞጽም የሙዲሩ ድምፅ ዝቅ ሲል ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። "ካምፑ ካኩማ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ካኩማን አላውቀውም፣ ሙዲር። ኢታንግ ነው። ጋምቤላ፣ ኢትዮጵያ።"

"ወሩ ስንት ቀን አለው?"

"አምስት። በየአራት ዓመቱ ስድስት ይሆናል።"

ሙዲሩ እንግሊዝኛ ወደማይገባው ወደ ካሳዬ ዞረ፤ "ጳጉሜ" አለ እንደ ምንም አፉን አጣሞ፣ በእጁም ስንት ነው ብሎ ጠየቀው። ካሳዬ አምስት ጣቱን ዘረጋ። ጥቂት አሰበና ከሌላኛው እጁ አንዷን ጣት ጨምሮ፣ ይህቺኛዋ አንዳንዴ ናት እንደማለት ወዘወዛት። ሙዲር ዋኒ ያቺን ጣት አየት አድርጎ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ።

"ነዳጁን መልሱት" አለ። "ሰኞ የኤምባሲው ደብዳቤ ይምጣ። እስከዚያ መኪናው ይታሸጋል፣ ሁለት ሰው ይጠብቀዋል፤ አንድ ካርቶን ቢጎድል ሁላችሁንም አልምራችሁም።"

ጣሂራ የተባለው በሙሉ አልገባትም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አንዴ ሙዲሩን አንዴ አሞጽን ታያለች።

ሙዲር ዋኒ ግን አልሄደም። አሞጽ ፊት መጥቶ ቆመ።

"እንግዲያው አማርኛ ትችላለህ ማለት ነው።"

ለዚህች ጥያቄ መልስ ድሮ ነው የተዘጋጀው። ትንሽ ትንሽ፣ ነበር የሚለው። ከገበያ የለቃቀምኳት፣ ሰላምታና ዋጋ ለመጠየቅ ያህል። ጁባ ውስጥ እንዲህ የሚያውቅ ሞልቷል፤ ሙዲሩም ይህን ቢሰማ ቢያንስ ለዛሬ አልፎት ይሄድ ነበር። የማምለጫው በር ክፍት ነው፣ ሰውየውም ቆሞ እየጠበቀው ነው።

"ያደግኩበት ቋንቋ ነው፣ ሙዲር" አለ አሞጽ።

ከዚያም ሙዲሩ አጠገቡ እንደቆመ፣ ወደ ጣሂራ ዞሮ፣ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ በአማርኛ ተናገረ።

"እትዬ ጣሂራ፣ ሽሮው አይቃጠልም። ሰኞ ጠዋት የኤምባሲውን ደብዳቤ ይዘው ይምጡ ተብለዋል። አሁን የወረደው ይመለስና ካሳዬ መኪናውን ወደ ጥላው ያስጠጋው።"